እርማት፦ ድመት ሶፋ የምትቧጭረው በቂም አይደለም

«ስለተቆጣኋት ቂም ይዛ ነው ሶፋውን የምትቦጫጭቀው፤ መቧጨሪያ ገዝቼላትም ዞራ አላየችውም» ለሚለው፦ ቂም የሚባል ነገር የለበትም። ድመት ስትቧጭር ያረጀውን የጥፍሯን ሽፋን ታራግፋለች (ሶፋው ሥር የምትገኘው ጥፍር መሳይ ባዶ ቅርፊት እሷው ናት)፣ ጀርባና ትከሻዋን ትዘረጋለች፣ ከመዳፏ በሚወጣ ሽታም ቦታዋን ታስታውቃለች። ብትመቷት እናንተ በሌላችሁበት ትቧጭራለች፣ ያው ነው።

መቧጨሪያው የሚናቀው አብዛኛውን ጊዜ አጭርና ተወዛዋዥ ስለሆነ ነው። ተንጠራርታ ስትስበው ከተነቃነቀ ሁለተኛ አትነካውም፤ ሶፋ ግን ንቅንቅ አይልም። አናጺ ማሠራት ይሻላል፦ 9 በ9 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ 90 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው እንጨት፣ ከሥሩ 50 በ50 የሆነ ከባድ ጣውላ፣ ከታች ወደ ላይ በ4 ረጃጅም ብሎን የታሰረ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና 10 ሚሊ ሜትር የቃጫ ገመድ ጠምጥሙበት። አንዱ ዙር 39 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚወስድ፣ ከቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትሩን ለመሸፈን 32 ሜትር ያህል ይፈጃል። ዙሩን እያጠበቃችሁ፤ ከላላ ጥፍር ይይዛል። ናይለን ያንሸራትታል፣ አሮጌ ምንጣፍ ደግሞ የቤቱንም ምንጣፍ እንድትቧጭር ያለማምዳታል።

መቧጨሪያው ጓዳ ጥግ ከተሰደደ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የተቦጨቀው የሶፋ ክንድ አጠገብ፣ ወይም ከእንቅልፏ ነቅታ የምትንጠራራበት ቦታ ይቁም። ሶፋውን ትታ ምንጣፉን የምትቧጭር ከሆነ ግን ቋሚ ላትፈልግ ትችላለች፤ መሬት ላይ የተጋደመ ወፍራም ካርቶን ሞክሩላት።