የማላችሁበትን አትርሱ

እናንት በቶሮንቶና በዙሪያዋ የምትኖሩ፣ የካናዳን ዜግነት የተቀበላችሁ ወገኖቼ! ከ2021 ወዲህ (ዓመቱን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ) የማላችሁ ሁሉ አውሮፓውያን ሳይመጡ በምድሪቱ የነበሩትን የነባር ሕዝቦችን መብትና ውል እናከብራለን ብላችኋል። ቀደም ብላችሁ የማላችሁም ብትሆኑ የምትኖሩት በዚያው መሬት ላይ ነው። ታዲያ መንገድ ዳር የተቀመጠ ነባር ሰው ስታዩ፣ ልጆቻችሁ እየሰሙ “ሥራ ጠል ሰካራም፣ መንግሥት የሚቀልበው” የምትሉት ምን ነክቷችሁ ነው?

ኖርቫል ሞሪሶንም እንዲሁ ባላችሁት ነበር። በ1980ዎቹ ይህ ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የኦጂብዌ ሕዝብ ሠዓሊ በቫንኩቨር ጎዳና ላይ ወድቆ፣ ለመጠጥ መግዣ ሥዕል እየሞነጫጨረ ይሸጥ ነበር። ያን ጊዜ የካናዳን ታላቅ የክብር ኒሻን ከተሸለመ ዓመታት አልፈውታል።

ስካሩ ከየት እንደመጣ ግን ማን ጠየቀ? ገና በስድስት ዓመቱ ከአያቶቹ ቤት ተወስዶ፣ የአባቶችን ቋንቋ መናገር ከሚያስቀጣበት አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ደግነቱ አያቱ የሕዝባቸውን ሥርዓት አዋቂ ነበሩና ተረቱንና ምሥጢሩን አውርሰውታል። ያንን ቅርስ በዛፍ ቅርፊትና በሸራ ላይ ሲያወጣው የገዛ ሽማግሌዎቹ “ቅዱሱን ነገር ለባዕድ ገለጥህ” ብለው ተቆጡት። እሱ ግን አላቆመም። በወፍራም ጥቁር መስመር የተከበበ ድብ፣ ሆድ ዕቃው በውጭ የሚታይ ዓሣ፣ ሰውንና አውሬን የሚያያይዝ የኃይል መስመር፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላደገ ዓይን እንግዳ አይደለም። በ1962 ቶሮንቶ ላይ ያሳያቸው ሥዕሎች በሙሉ ተሸጡ። በ1967 በሞንትሪያል የዓለም ኤክስፖ ግን እናት ምድር የድብ ግልገሎችን ስታጠባ መሣሉን አዘጋጆቹ አልወደዱትም፤ ለውጥ ቢሉት ሥራውን ትቶላቸው ሄደ። የካናዳ ብሔራዊ ጋለሪ ለፈርስት ኔሽንስ (ከኢኑዊትና ከሜቲስ ውጭ ላሉት ነባር ሕዝቦች) ሠዓሊ ለብቻው ታላቅ ትርኢት ያዘጋጀው በ2006 ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። በዓመቱ ሞሪሶ ሞተ።

ሞቶም አላረፈም። በ2023 ፖሊስ በስሙ ሐሰተኛ ሥዕል ሠርታችኋል፣ ሸጣችኋል ብሎ ስምንት ሰዎችን ያዘ፤ ከ1,000 በላይ ሥዕሎችም ተወረሱ። የመቅደላ ዘረፋ ሲነሣ ደማችን ይፈላል። ይፍላ፣ ይገባል! ነገር ግን ጎረቤታችን በራሱ አገር፣ በራሱ ስም ሲዘረፍ ዝም ካልን ጩኸታችንን ማን ይሰማናል?

ሴፕቴምበር 30፣ የእነዚያ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ሰለባዎች በሚታሰቡበት ቀን፣ ልጆቻችሁ ብርቱካናማ ቲሸርት ለብሰው ሲመጡ ለምን እንደለበሱ ጠይቋቸው፤ ከእናንተ የተሻለ ያውቁታል። ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ናያጋራ ትወስዱታላችሁ። የሚቀጥለውን ክላይንበርግ ውሰዱት፤ እዚያ ባለው በማክማይክል ሙዚየም የሞሪሶ ሥራዎች አሉ። ስትመለሱ መንገድ ዳር የተቀመጠውን ሰው ደግሞ ሰላም በሉት።