ያው ውኃ?

እትዬ ቡናውን እየቆሉ ጠየቁኝ።

«እና ዘንድሮም እዚያው ሄዳችሁ?»

«አዎ፣ እዚያው።»

«ያው ባሕር?»

«ያው ባሕር፣ እትዬ። ያው ድንጋይ።»

ምጣዱን ወዝወዝ አደረጉና ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «የፈረንጅ ገንዘብ ይዞ በየዓመቱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?» ጎረቤቷ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ጥያቄው ግን ጎንደር ውስጥ ከቀሃ ኢየሱስ እስከ ፒያሳ ስወጣ አብሮኝ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ስኮትላንድ፣ ኤደንብራ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጉትጎታ የጠላቂዎች ክለብ ገባሁ። ስኩባ ይሉታል፤ አየር በጀርባ አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ነው። (ጎንደር ያለ ዘመዴ ሁሉ «ኦክስጅን ተሸክመህ» ይለኛል። ኦክስጅን አይደለም። እዚህ ፒያሳ የምንስበው ተራ አየር ነው፤ ተጨምቆ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል።) ክለባችን ውስጥ ጡረታ የወጣ መምህር አለ፤ ነርስ አለች፤ የቧንቧ ሠራተኛ አለ። ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ገንዘብ ያላቸውም አሉ። ማልዲቭስም ግብፅም መሄድ ይችላሉ፤ የሄዱም አሉ። በየዓመቱ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም ዕቃቸውን ጭነው የሚሄዱት ሴንት አብስ ነው።

ሴንት አብስ ከኤደንብራ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቅ ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። ወደቧን በአንድ ዓይን ጨርሰህ ታየዋለህ። ውኃው በበጋ፣ ሞቀ ሲባል፣ 13 ወይም 14 ዲግሪ ነው። በመጋቢት ወደ ስድስት ይወርዳል። ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገለ አጎት አለኝ። ይህን ስነግረው በሐዘን ነው ያየኝ። «ቀይ ባሕር እኮ እንደ ሻይ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ በበጋ 30 ዲግሪ ይደርሳል። እሱ በዚያ የዋኘ ሰው፣ እኔ በዚህ የምንቀጠቀጥ። የእኛ ቤተሰብ የባሕር ታሪክ ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን እዚያው?

መጀመሪያ የገባኝ መልስ የመጣው ከፍርሃት ነው። አዲስ ቦታ ስትጠልቅ ሐሳብህ ግማሹ ሌላ ጋ ነው። መውጫው የት ነው? ውኃው ወዴት ይገፋል? ጀልባው የት ቆመ? ልብ ሲፈራ ትንፋሽ ይበዛል፤ ትንፋሽ ሲበዛ ሲሊንደሩ ቶሎ ያልቃል። አንድ የተለመደ 12 ሊትር ሲሊንደር ሲሞላ ከ2,400 ሊትር ያላነሰ አየር ይይዛል። ብዙ ይመስላል። ግን አሥር ሜትር ስትወርድ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምትጨርሰው አየርም እጥፍ ነው። ሃያ ሜትር ላይ ሦስት እጥፍ። የመጀመሪያ ዓመት እኔ በሃያ ደቂቃ ጨርሼ ስወጣ መምህሩ ገና ግማሹን አልነካም ነበር። በአራተኛው ዓመት፣ በዚያው ድንጋይ፣ ሃምሳ ደቂቃ ቆየሁ። ሳንባዬ አልሰፋም። ቦታውን ስለማውቀው ፍርሃቱ ተወኝ። ያኔ ነው ማየት የጀመርኩት።

የማየው ደግሞ ምን መሰላችሁ? ከወደቡ ግድግዳ ብዙም ሳይርቅ ካቴድራል ሮክ የሚሉት ድንጋይ አለ። ከሥሩ ትልቅ ቅስት አለው፤ ከበላዩ ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ። የፋሲል ግንብን በር ውኃ ውስጥ አስገቡት በሉ። ግድግዳው ላይ «የሙት ሰው ጣቶች» የሚባል ነጭና ብርቱካንማ ነገር ተለጥፎ ይወዛወዛል። ስሙ ያስቀፍፋል፤ ለስላሳ ኮራል ነው። ተኩላ ዓሣ የሚሉትም አለ። ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ ፊቱ እንደተቆጣ ሽማግሌ የተጨማደደ። በጥርሱ ሸርጣንና የባሕር ጃርት ከነቅርፊቱ ይሰብራል። ጉድጓዱን ቶሎ አይለቅም። የክለባችን ሰዎች «ቤት ነው?» ብለው ይጠያየቃሉ፤ ልክ እኛ ጎረቤት ሄደን በር ላይ ቆመን እንደምንጠይቀው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄደ ሰው አጠገቡ አልፎ ሳያየው ይወጣል። እኔም ሁለት ዓመት አልፌዋለሁ።

ሌላው ምክንያት የሚያሳፍር ነው፤ ግን ልናገር። ውኃ ውስጥ በቃል አይወራም፤ በምልክት ነው። «ደህና ነኝ» ለማለት አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ገጥመው ክብ ይሠራሉ። አውራ ጣት ወደ ላይ ካቆምክ ግን «እንውጣ» ማለትህ ነው። ኮርሱ ላይ ተምሬዋለሁ። ተምሬው ግን ደስ ሲለኝ የጎንደር ጣቴ ቀደመኝ። አብራኝ የጠለቀችው ነርስ «ደህና ነህ?» ስትለኝ አውራ ጣቴን አቆምኩ። እሷም አቆመች። እኔ ደግሞ የተስማማች መስሎኝ ሁለቱንም አቆምኩ። ክንዴን ይዛ አወጣችኝ። ከገባን ስድስት ደቂቃ አልሞላም። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ወደቡ ደረጃ ላይ በደረስን ቁጥር አንዱ ዞሮ «እዚህ ነው» ይላል። ሁሉም አውራ ጣቱን ያነሣል። እኔ ለዚህ ቀልድ ስል ብቻ ብሄድም የምጸጸት አይመስለኝም። ማልዲቭስ ሄጄ ማን ያበሽቀኛል?

ክለቡ ጽዋ ማኅበር ነው ብዬ ለእትዬ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ዳቦና ጠላ የለውም እንጂ ሌላው ሁሉ አለው። መዋጮ አለ። ጸሐፊ አለ። የቀረ ሰው ይታማል። በየጥር ስብሰባ አንድ ሰው ተነሥቶ «ዘንድሮ ለምን ሌላ ቦታ አንሞክርም?» ይላል። ሁሉም «ጥሩ ሐሳብ ነው» ይላል። ከዚያ ድምፅ ይሰጥና ሴንት አብስ ያሸንፋል። አንድ ዓመት በእርግጥ ሌላ ቦታ ሄድን። የውኃውን ሙላትና ጉድለት ሰዓት በትክክል አላሰላነውም። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ መጥለቅ የሚመቸው በመሐል ረገብ በሚልበት ትንሽ ጊዜ ነው። ዘግይተን ደረስን፤ ውኃው እንደ ክረምት ወንዝ ይወርድ ነበር። መኪና ውስጥ ሳንድዊች በልተን ተመለስን።

መንደሯም ታውቀናለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወደቡ ላይ ለመኪና ይከፈላል፤ ክፍያውን ሰውየው በስማችን እየጠራ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የዚያ ዳርቻ ባሕር በፈቃደኝነት ተጠብቋል። ሐሳቡ ዓሣ አጥማጁም ጠላቂውም ተስማምቶ እንዲጠብቀው ነው። ጠላቂ ሎብስተር አያነሣም፤ ቀንድ አውጣም አይለቅምም። ዘበኛ ቆሞ አይደለም። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ግቢ ዛፍ ማን ደፍሮ ይቆርጣል? እንደዚያ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የመንደሯ የነፍስ አድን ጀልባ ጣቢያ ተዘጋ። መንደርተኛው ተነሣ፣ ገንዘብ ሰበሰበ፤ በ2016 የራሱን ጀልባ ውኃ ላይ አዋለ። ብዙ ገንዘብ የሰጠው ቱኖክስ የተባለው የብስኩት ፋብሪካ ነው፤ ጀልባዋም በእነሱ ሰው ስም ትጠራለች። እኛም ከውኃ ስንወጣ እየተንቀጠቀጥን የፋብሪካውን ብስኩት እንበላለን። ለመዋጮው ያደረግነው አስተዋጽኦ ይህም ይቆጠርልን።

አሁን ወደ ጎንደር ልመለስ። እውነቱን ለመናገር እኛ ዲያስፖራዎችም እንመለሳለን። ያው ካፌ፣ ያው ወንበር፣ ያው የፋሲል ግንብ ፎቶ። ግን አመጣጣችን ከጠላቂዎቹ ይለያል፤ ይህ ዘንድሮ ነው የታየኝ። እኛ የምንመጣው የነበረውን ፍለጋ ነው። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወርደን ከተማ ሳንደርስ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» እንጀምራለን። ባጃጁ በዛ፣ ፎቁ በዛ፣ ማኪያቶው ቀጠነ። የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን ሰለቸው መሰለኝ «ድሮ መቼ ነው ግን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

እነዚያ ጠላቂዎች ደብተር አላቸው። ከእያንዳንዱ ጠለቃ በኋላ ይጻፋል፤ ቀኑ፣ ጥልቀቱ፣ የቆየንበት ደቂቃ፣ የውኃው ሙቀት፣ ስንት ሜትር ድረስ እንደሚታይ፣ ምን እንዳየን። መምህሩ የጻፋቸው ደብተሮች አንድ መደርደሪያ ይሞላሉ። አንዳንዶቹ ያዩትን የባሕር ፍጥረት ሲሰርች ለሚባል የበጎ ፈቃደኛ ጠላቂዎች ምዝገባ ይልካሉ። አንድ ቦታ ሲመላለሱ የኖሩ ስለሆኑ ለውጡ አያመልጣቸውም። «ባሕሩ ድሮ ይሻል ነበር» የሚል አለ፤ ግን ደብተር ገልጦ ነው የሚለው። አንዳንዴም ገልጦ ሲያይ ተሳስቶ ይገኛል።

እኔ የአንድ የስኮትላንድ ድንጋይን የስምንት ዓመት ሙቀት በቁጥር አለኝ። ልጅ ሆኜ ስለዋኘሁበት ስለ ቀሃ ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። በክረምት ያስፈራን እንደነበር አውቃለሁ። እናቴ ዱላ ይዛ እንደፈለገችኝም አውቃለሁ። ከዚያ ሌላ ያለኝ «ድሮ» ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከአክስቴ ልጅ ጋር ጎርጎራ ወረድን፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ለስኩባ አይሆንም። ውኃው ድፍርስ ነው፤ ጥልቀቱም የበዛበት ቦታ ከ15 ሜትር አይዘልም። ደግሞ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፤ ለባሕር የተሠራው የጥልቀትና የሰዓት ሠንጠረዥ እንዳለ አይሠራም። ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ስተነትን ዓሣው ቀዘቀዘበት። ዳር ላይ አንድ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን እያደረቀ ነበር። ጎልማሳ ነው። አባቱ ያጠምድበት በነበረው ቦታ እንደሚያጠምድ ነገረኝ። እምቦጩ ጣና ላይ መታየት ከጀመረ ወዲህ፣ ያ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፣ ነፋስ ወዴት እንደሚገፋው ነፋሱ ሳይነሣ ይናገራል አሉ። ደብተር የለውም። በቃሉ ግን የዓመቱን ነገር ይዘረዝርልሃል፤ ይህን ዓሣ በዚህ ወር፣ ያንን ከዝናቡ በኋላ ወደ ወንዙ አፍ።

«ሌላ ቦታ ሞክረህ አታውቅም?» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ የማን ጥያቄ እንደሆነ ገባኝ።

«ሌላው ውኃ አያውቀኝም» አለኝ።

«ውኃው እኔን አያውቀኝም» አለ እንጂ «እኔ ውኃውን አላውቀውም» አላለም። መምህሩ ቢሰማው ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጽፈው ነበር።

የከተራ ዕለት ታቦታቱ ሲወርዱ እትዬን ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ናቸው የያዙኝ ማለት ይሻላል። የፋሲል መዋኛ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ከርሞ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ይሞላል። አፄ ፋሲል የነገሡት ከ1632 እስከ 1667 ነው እ.ኤ.አ.፤ ያን ያህል ዘመን አንድ ግንብ፣ አንድ ወንዝ። የዛፎቹ ሥር የግንቡን ድንጋይ እንደ እጅ ጨብጦታል። እትዬ ከአንዱ ሥር አጠገብ የራሳቸው ቦታ አላቸው። በሙሽርነታቸው ከባላቸው ጋር የቆሙት እዚያ ነው። ባላቸው ካረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ቦታው አልተለወጠም።

በነጋታው፣ ጥር 11፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ደረስን። አንድ ጎረምሳ ቆሞበታል። «የኔ ልጅ፣ ይኼ የኔ ነው» አሉት፤ ሳይከራከር ተነሣላቸው። ነጠላቸውን አጣፉ። እኔ ጎናቸው ቆሜ ልማዴ ሆኖ ውኃውን አየሁ፤ ቢበዛ አንድ ሜትር ብቻ ያሳያል፣ ሙቀቱ ምናልባት 14 ዲግሪ። ከሴንት አብስ አይለይም። ልጆቹ ግንቡ ላይ ልብሳቸውን አውልቀው ቅዳሴው እስኪያልቅ ይንቀጠቀጣሉ።

«እትዬ» አልኳቸው ጠጋ ብዬ፣ «ዘንድሮም እዚሁ?»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ አገጫቸውን ወደ ውኃው ቀሰሩ።

«ዝም በል፤ ሊባረክ ነው።»