ጠመንጃውስ ለማን ደረሰች?

ደሴ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲያርፉ ለቅሶ ደራሹ እንደ ሃይማኖቱ «እግዜር ያጽናችሁ» ወይም «አላህ ይዘንላቸው» ብሎ ድንኳን ይገባል፤ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሳይሻገር ግን ጎኑ ወደ ተቀመጠው ሰው ዘንበል ብሎ ሌላ ነገር ይጠይቃል። ባለፈው ሰሞን ሆጤ አካባቢ በተተከለ ድንኳን ውስጥ፣ የሟቹ ልጅ ዓይኑ ቀልቶ ከፊታችን ተቀምጦ ሳለ፣ አጠገቤ የነበሩ አንድ ጋሼ «ለመሆኑ ያቺ ምንሽራቸው ለማን ደረሰች?» አሉኝ። ሰውየው በምን ሕመም እንደሞቱ፣ ባለቤታቸው ከማን ጋር እንደሚቀሩ አልጠየቁም። እኔ እንደማላውቅ ስነግራቸው ከሟቹ ይልቅ ለእኔ ያዘኑ መሰለኝ። ከዚያም ስልካቸውን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አወጡና የራሳቸውን ጠመንጃ ያሳዩኝ ጀመር፤ አበባ ባለበት አልጋ ልብስ ላይ ተጋድማ፣ ከአፈሙዟ በኩል፣ ከሰደፏ በኩል፣ ቁጥሯ በቅርበት፣ ማንገቻዋ ተፈትቶ፣ ማንገቻዋ ታስሮ። በመካከል የአንዲት የልጅ ልጃቸው ፎቶ ብቅ ስትል በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው አሳለፏት።

ይህ የጋሼ የግል ጠባይ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ነገር ግን ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሰው የሚያገኘው ያንኑ ነው፤ በሠርግ፣ በሰደቃ፣ በጫት ምርቃና፣ በዕድር ስብሰባ ማለቂያ ላይ፣ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ «ይቺ የየት ናት?» የሚል ፈተና ይወጣል። ሊቃውንቱም ያለ ሃፍረት ይመልሳሉ። የፊት ማነጣጠሪያዋ ዙሪያውን በቀለበት ከተዘጋ የቻይና ክላሽ ናት፤ ከላይ ክፍት ከሆነ ወደ ሩሲያ ይወስዷታል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው ክላሽ ገላዋ ከታተመ ቆርቆሮ ስለሆነ፣ ከእርሷ በፊት ከወፍራም ብረት ተፈልፍላ ትሠራ ከነበረችው እንደምትቀል በእጅ ሳይመዝኑ በፎቶ ያውቃሉ። ዕውቀቱ ሐሰት አይደለም፤ እንዲያውም የሚያናድደው እውነት መሆኑ ነው። የገዛ ቤቱን የውኃ ቆጣሪ ማንበብ የማይችል ሰው የጎረቤቱን ጠመንጃ ቁጥር በቃሉ ይወጣዋል።

የክላሹ ነገር ግን ገና ቀላሉ ነው። አሮጌ ጠመንጃ ፎቶ የመጣ እንደሆነ ጨዋታው ከብረት ወደ ዘር ቆጠራ ይዞራል፤ በዚህ ክፍለ ሀገር ደግሞ ከአድዋ ያልመጣ አሮጌ ጠመንጃ የለም። ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ ይዘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ እንደዋሉ እውነት ነው፤ ግን በየቤቱ የሚነገረውን ብንሰበስብ የጣሊያን ጦር ጠመንጃውን ሁሉ ለወሎ ሰው ብቻ አስረክቦ የሄደ ይመስላል። አንድ ቀን ፒያሳ ከሚገኝ ቡና ቤት ውስጥ አንድ ጎልማሳ «አያቴ አድዋ ላይ የማረኳት» ብሎ ካርካኖ የምትባል አንዲት የጣሊያን ጠመንጃ በስልኩ አቀረበ። ከሊቃውንቱ አንዱ ፎቶውን አጉልቶ የአፈሙዙን ሥር ሲያነብ 1936 የሚል የፈረንጅ ዓመት ተመትቶበታል፤ ከጎኑም ፋሺስቶች ዘመናቸውን ይቆጥሩበት እንደነበረው በሮማውያን ቁጥር አሥራ አራት ተጽፏል። ከአድዋ ከ40 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ አድዋ የመጣው የጣሊያን ወታደር በብዛት ይዞት የነበረው ካርካኖ ሳይሆን ከእርሷ የቀደመው ቬተርሊ የሚባለው ጠመንጃ ነበር። ጎልማሳው «ማኅተሙን በኋላ ጨምረውበት ይሆናል» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ።

እዚህ ላይ በእውነት ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩትም በውሸቱ አይደለም፤ ሰውየው እውነተኛውን ታሪክ እንደ ውርደት በመቁጠሩ ነው። የደቡብ አፍሪካ ጦርና ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎች በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. የኮምቦልቻን መተላለፊያ ሰብረው ደሴ ሲገቡ ጣሊያን መሣሪያውን ጥሎ ተማርኳል። አያትየው ያችን ካርካኖ ያገኟት ያን ጊዜ ወይም ከዚያ በፊት በዱር በገደሉ በነበሩበት ዘመን ቢሆን ምን ይጎድልባቸዋል? ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲያነዱ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እዚሁ ከተማ መትረየስ ይዘው ተኩሰዋል፤ የደሴ ሰው ለኩራት አድዋ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም ነበር።

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ይህን ተረት ከተረቶች ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ፤ ለሚፎክር ጎረቤት፣ ለሚጮኽ ነጋዴ፣ ለዕጩ ሙሽራ ሁሉ ያገለግላል። ጠመንጃውን በእርግጥ የተኮሱበት ሰዎች ሲያወሩ የሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ ውጅግራውን በጨርቅ ጠቅልለው ቆጥ ላይ ሰቅለው፣ ስለ እርሻና ስለ ዝናብ ሲጫወቱ ኖረው ሞቱ። ከዚህ ከእኛው ወሎ፣ መቅደላ ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣ ነበር፤ የምስጋና ቃልም ተቀርጾበታል። ስለዚያ ሽጉጥ የሚበቃኝን ያህል የነገረኝ ያ ጽሕፈት ነው፤ ሊቃውንቱ ግን የጥይቱን ውፍረት ይከራከሩበታል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ሴባስቶፖል ብቻ ነው፤ ጋፋት ላይ ቀልጦ እስከ መቅደላ የተጎተተውን ያን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ እስካሁን ማንም በአልጋ ልብስ ላይ አጋድሞ «የአያቴ ነው» ሊል አልቻለም።

ስለ ሙያ ካነሣሁ አይቀር የቆየ ቂሜን ላውጣው። ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ እናቴ ቤት ሰፈር ውስጥ ሠርግ ነበረ፤ ሙሽራው ሲገባ እንደ ልማዱ ወደ ሰማይ ተተኮሰ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ሰማይ ቤት አይቀርም፤ አንዱ የእናቴን ቆርቆሮ በስቶ ገብቶ ቁም ሣጥኑ ላይ ተሰካ። እናቴ ከቁም ሣጥኑ አጠገብ የተነሣችው ጥቂት ቀደም ብላ ነበር። በማግሥቱ ሊቃውንቱ ተሰበሰቡ። ጥይቱን በቢላ ፈልፍለው አወጡ፤ ማግኔት አስጠግተው ሲይዘው «እምብርቷ ብረት ነው» አሉ፤ መጠኗ 7.62 በ39 እንደሆነ፣ ከክላሽ እንደወጣች፣ በየት በኩል ዘምማ እንደወረደች ሳይቀር ተነተኑ። አንዱ እንዲያውም ሀገሯን ሊናገር ዳድቶት ነበር። «ማን ተኮሳት?» ሲባል ግን ያ ሁሉ ሊቅ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እናቴ «ልጆቼ፣ እናቷንም ሀገሯንም ካወቃችሁ አባቷን እንዴት አጣችሁት?» አለቻቸው። ማንም አልመለሰላትም፤ ለአንድ ቆርቆሮ መግዣ ያዋጣም አልነበረም። ክረምቱን በሙሉ ከቀዳዳው ሥር ባልዲ ተቀምጦ ከረመ። ከተንታኞቹ መካከል ተኳሹ ራሱ እንደነበረ ዛሬም አልጠራጠርም፤ ማግኔቱን ያመጣው ሰው ላይ ጥርጣሬዬ ይከብዳል።

የተነሣሁበት የለቅሶ ቤቱ ጥያቄ ነበርና ስለ እርሱ ቶሎ ልበል። ጠመንጃ ማውረስ ያለ ነገር ነው፤ ጠያቂውም የሚጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም፤ ሊገዛት ይሆናል፣ ፎቶዋን ሊያነሣ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥም ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ ዝገት የበላቸው ጠመንጃዎች ለሰብሳቢዎች እየተሸጡ፣ ገዢዎቹ በአጉሊ መነጽር ማኅተማቸውን እንደሚያነቡ ይታወቃል፤ ስለዚህ ሕመሙ የእኛ ብቻ አይደለም። የእኛን ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ የያዘ ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል፤ ምዝገባ ተጠርቶ ወረቀት የያዘ ወጣት ጠረጴዛ ዘርግቶ «የመሣሪያው ዓይነት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በፎቶ ብቻ የፋብሪካውን ከተማ የሚናገሩት እነዚያው ጋሼዎች «እኔ ምኑን አውቄው ልጄ፤ ለጅብ ማስደንገጫ የተቀመጠች አሮጌ ብረት ናት» ይላሉ። ቁጥሯን ሲጠየቁ ደግሞ መነጽራቸውን ቤት ረስተውታል።