እርማት፦ ምግብ ቤቱ ሲያድግ ሜኑው ይረዝማል?

ወንድሜ፣ «ምግብ ቤት ገበያ ሲያገኝ ሜኑውን ማስረዘም አለበት፤ ማክዶናልድም ያደገው እንዲህ ነው» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ያምንበታል፤ ታሪኩ ግን ተቃራኒው ነው።

የማክዶናልድ ወንድማማቾች ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ የነበረውን ምግብ ቤታቸውን እ.ኤ.አ. በ1948 ለጥቂት ወራት የዘጉት ገበያው ደርቶላቸው ሳለ ነው። ሲከፍቱት 25 ገደማ የነበረው የምግብና የመጠጥ ዓይነት 9 ሆኗል። መኪና ድረስ የሚያቀርቡ አስተናጋጆች ቀሩ። ሳህንም ቀርቶ በወረቀት ሆነ፤ የሚታጠብ የለ፣ የሚሰበር የለ። ሃምበርገሩ 15 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ነበር። እርግጥ መጀመሪያ ላይ ደንበኛ ሸሽቷቸው ነበር። ኋላ ግን ሰልፍ ሆነ።

አንድ ምግብ ስትጨምር ምግቡ ብቻውን አይመጣም። የራሱ ግዢ አለው፣ ፍሪጅ ውስጥ ቦታ ይይዛል፣ ካልተሸጠ ይበላሻል፣ አብሳዩም መልመድ አለበት። እኛ ጋ ስንት ቤት ነው ሜኑው መጽሐፍ የሚያህል፣ ስታዝ ግን «እሱ ዛሬ የለም» የምትባልበት?

የጾም ጉዳይ ሌላ ነው። እሱ ወቅቱን ጠብቆ መቀየር እንጂ መደራረብ አይደለም።