በድጎማ የገባ ዩሪያ ለጫት ይገባል?

ሐረር ዙሪያ ለገበሬው ከሚታደለው ዩሪያ ማዳበሪያ የተወሰነው ጫት ሥር እንደሚያርፍ አካባቢውን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ተገቢ ነው አይደለም በሚለው ሁለት ሰዎች ተከራክረዋል። አንደኛው በገጠር የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሁለተኛዋ በጫት ገንዘብ የተማረች የገበሬ ልጅ ነች።

ጡረተኛው፦ አይገባም። ዩሪያ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ነው የሚገባው። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሲንር መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ለድጎማ መድቧል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የዶላር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ሸክሙ ባሰ። ይህ የሕዝብ ገንዘብ ነው። የድሬዳዋ ወዛደርም አለበት። እሱ የሚፈልገው እህል እንዲረክስለት ነው።

ደግሞ ወረፋውን አይቻለሁ። ማዳበሪያ መጣ ሲባል ቀድሞ የሚደርሰው ብር በእጁ ያለው ነው። ጫት በዓመት ሁለት ሦስቴ ይቆረጣል፤ ባለጫቱ ብር አያጣም። ማሽላ ብቻ የሚዘራው ግን ሚያዝያ ላይ ጎተራው ባዶ ነው። ፍየሉን ሸጦ እስኪመጣ ድረስ መጋዘኑ ተጠርጎ ይጠብቀዋል። አንድ ሰውዬ ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ሲመለስ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

የገበሬዋ ልጅ፦ ጋሼ፣ የወረፋው ነገር እውነት ነው፤ እኔም አይቼዋለሁ። ግን እስቲ ማሳውን እንየው። የእናቴ መሬት ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ጫቱ በመስመር ቆሟል፣ በመስመሮቹ መሀል ማሽላ አለ። እናቴ ዩሪያውን በጣሳ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ በጣቷ ቆንጠር እያደረገች ታስቀምጣለች። ዝናብ ሲመጣ ይሟሟል። የማሽላው ሥር ጠጣው ወይስ የጫቱ፣ ማን ይለየዋል?

ማሽላ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር መሬት ላይ ነው። መሀል ላይ ዝናብ ከቀረ አገዳው ለከብት ይሆናል እንጂ ለሰው የሚተርፍ ነገር የለም። ጫት ግን ይታገሣል። ትንሽ ካፊያ ሲያገኝ ቅጠል ያወጣል። ያ ቅጠል አወዳይ ገበያ ተሸጦ ዱቄት ይገዛበታል። ገራባውን እንኳ ፍየል ይበላዋል። በድርቅ ዓመት እኛን ያኖረን እሱ ነው። ዩሪያው በዶላር ነው ካሉም፣ ጫት ወደ ጅቡቲና ሶማሊያ ተልኮ ዶላር ያመጣል።

ጡረተኛው፦ ዶላሩ እናትሽ እጅ አይገባም፣ ልጄ፤ ላኪው ጋ ነው። ጫት እንዳበላችሁ አልክድም። ሐረማያን ግን አትርሺ። የሐረር ሰው ከዚያ ሐይቅ ነበር የሚጠጣው። ለጫትና ለአትክልት በሞተር ሲሳብ፣ ከተማውም ሲቀዳው፣ በ1990ዎቹ ደረቀ። አሁን ውኃው ተመልሷል። ርካሽ ዩሪያ ያገኘ ሰው ጫቱን ያሰፋል፤ ጫት ሲሰፋ ደግሞ ሞተሩ ይመጣል። ስለዚህ ድጎማው በእህል ማሳ ስፋት ይሰላ። ለጫት የፈለገ በሙሉ ዋጋ ይግዛ።

የገበሬዋ ልጅ፦ ቀበሌው ያንን የተቀላቀለ ማሳ ምን ብሎ ይመዘግበዋል? «ጫት» ብሎ ከመዘገበው እናቴ ከነጋዴ በውድ ትገዛለች፣ ማሽላዋም አብሮ ይቀጣል። የሌላው ድርሻ ደግሞ ዞሮ ደላላ እጅ ይገባል። ይልቅ ያ ሰውዬ ፍየሉን ሸጦ እስኪመጣ ድርሻው በስሙ ይቀመጥለት፤ ወይም በብድር ይውሰድና ማሽላው ሲደርስ ይክፈል።

ጡረተኛው፦ ድርሻው ይቀመጥ ባልሽው አብሬሽ ነኝ። መጋዘን ውስጥ አንድ ኩንታል ብቻ ቢቀርስ? እኔ ማሽላ ለዘራው አስቀድማለሁ።

የገበሬዋ ልጅ፦ እናቴም ማሽላ ዘርታለች፣ ጋሼ። እሷንም እንደዚያ ብለው ከመዘገቧት ይሁን።