ከአሥራቱ አምስት ቁጥር ከፍ ብሎ

እሑድ የመባ ሰዓት ሲደርስ ብዙዎቻችን በቃላችን የምንለው ክፍል ሚልክያስ 3፥10 ነው። «አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ» ይላል፤ የሰማይ መስኮት እንደሚከፈትም ተስፋ ይሰጣል። ሰባኪው ከዚያ ተነሥቶ «ዘር ዝሩ፣ ታጭዳላችሁ» ሲል ጉባኤው አሜን ይላል። እኔም ለዓመታት አሜን ብያለሁ። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ አምስት ቁጥር ከፍ ብሎ ያለው ግን በመባ ሰዓት ሲነበብ ሰምቼ አላውቅም። እግዚአብሔር ለፍርድ እቀርባለሁ ሲል ከሚመሰክርባቸው መካከል የሠራተኛን ደመወዝ የሚከለክሉ፣ መበለትንና ድሀ አደግን የሚያስጨንቁ አሉበት።

ይህ ቁጥር የገባኝ በጥናት አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ማሠሪያ ቃል በገባንበት ዓመት እኔ ከአቅሜ በላይ ቃል ገባሁ። እሱን ለመሙላት ስል የቤት ሠራተኛችንን ደመወዝ «በሚቀጥለው ወር» እያልኩ ሁለት ወር አሳደርኩባት። አንድ ቅዳሜ ማታ ዕቃ አጥባ ጨርሳ፣ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ሳሎኑ በር ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ እናቴን አሟታል፤ ያለኝን ቢሰጡኝ» አለች። የገዛ ገንዘቧን እንደ ምጽዋት አንገቷን ደፍታ ነበር የጠየቀችኝ። ጠረጴዛው ላይ ለማግስቱ ያዘጋጀሁት ፖስታ ተቀምጧል፤ ስሜ ተጽፎበታል። ለጌታ ልሰጥ ያዘጋጀሁት የእሷን ላብ ነበር።

መስጠት ክርስቲያንን ያሳድጋል ሲባል አምናለሁ። ነገር ግን የሚያሳድገው ከመታዘዝ ሲወለድ ነው፤ በመታዘዝ ፈንታ ሲቀርብ ግን መደበቂያ ይሆናል። ሳኦል የአማሌቅን ከብት ፈጽሞ እንዲያጠፋ ታዞ ሳለ የተሻለውን አስቀረና «ለእግዚአብሔር ልንሠዋ ነው» አለ። ሳሙኤል የመለሰለትን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መታዘዝ ከመሥዋዕት ይበልጣል። በማርቆስ 7 ጌታ የገሠጻቸው ሰዎችም ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው፣ ብለው የሚያስቀሩ ነበሩ። በተራራው ስብከት ደግሞ ወንድምህ የተቀየመብህ እንደሆነ መባህን እዚያው መሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ሂድና ታረቅ ይላል። መባውን አልናቀም፤ ከታረቅህ በኋላ መጥተህ አቅርብ ነው ያለው።

የመቄዶንያ አብያተ ክርስቲያናትን ሳስብ ልቤ ይነካል። ራሳቸው በጥልቅ ድህነት ውስጥ ሆነው፣ በኢየሩሳሌም ለተቸገሩት ቅዱሳን ከሚደረገው እርዳታ እንዳይቀሩ ጳውሎስን ለመኑት። ጳውሎስ ሲጽፍላቸው አልነበረም፤ ለቆሮንቶስ ሰዎች ነው የእነሱን ነገር የሚያወራው። ከገንዘቡ በፊት ራሳቸውን ለጌታ እንደሰጡም ይነግራቸዋል። ራሱን የሰጠ ሰው የኪሱን ብቻ ሳይሆን የዕዳ መዝገቡን፣ የቂሙን፣ የሠራተኛውንም ደመወዝ አብሮ ይሰጣል።

መታዘዙ የሰጪው ብቻም አይደለም። ጳውሎስ ያንን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲሄድ አደረገ። ማንም እንዳይነቅፈን እንጠነቀቃለን ብሎ በግልጽ ጻፈ። ሐዋርያው እንዲህ ካደረገ፣ ዛሬ «የሕንጻው ገንዘብ ምን ላይ ደረሰ?» ብሎ የጠየቀ ምእመን እግዚአብሔር በቀባው አገልጋይ ላይ እንደተነሣ የሚቆጠርበት ምክንያት አይታየኝም። ሒሳቡን በጉባኤ ፊት የማያነብ አገልጋይ ስለ አሥራት ሲሰብክ ደፋር መሆኑ ያሳዝነኛል። መበለቷ የጣለችውን ሁለት ሳንቲም ጌታ ቁጭ ብሎ ያየው ነበርና።

ያን ማታ ስሜ የተጻፈበትን ፖስታ ከፍቼ የሁለት ወር ደመወዟን ሰጠኋት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት። ቆጠረችው። ከላዩ ጥቂት ብር ለየት አድርጋ ያዘችና ወደ ጠረጴዛው ተመለከተች።

«ጋሼ፣ ፖስታውን ካልፈለጉት ለአሥራቴ ልውሰደው?» አለችኝ።