ቻርጀር ይዘዋል?

የእህቴ ልጅ በሚመጣው ዓርብ ከጓደኞቿ ጋር በአውቶቡስ ወደ አርባ ምንጭ ልትጓዝ ነው። እኔ ባለፈው ሳምንት እዚያው ደርሼ ስለመጣሁ «አጎቴ፣ ምን ልያዝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምክር ስጠየቅ ደስ ይለኛል። ወረቀት አወጣሁና «1ኛ፦ ቻርጀር» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እጄ አልታዘዝ አለኝ። የራሴ ቻርጀር ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይኔ ሥር ተቀምጧል፤ አንገቱ ተቆልምሟል፤ ቀዩ ሽቦ አንጀቱ ወጥቶ ይታያል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ስምንት ሆነን በአንድ መለስተኛ አውቶቡስ ተሳፈርን። መነሻው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው ተብሎ ነበር፤ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳን፤ ስለዚህ ጉዳይ በአገራችን ብዙ ስለተባለ አልፈዋለሁ። ተጓዦቹ ከዩኒቨርሲቲ ከወጡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ናቸው። ማስታወቂያው «የወጣቶች ጉዞ» ይላል። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ወጣትነት የት ላይ እንደሚያበቃ ማስታወቂያው ላይ ስላልተጻፈ ተመዘገብኩ። ዓለም ገና ስንደርስ ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ ትከሻዬን ነካ አድርጋ የት ላይ እንደሚያበቃ ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ ቻርጀር ይዘዋል?»

«ጋሼ»ን ዋጥኩት። «ይዘዋል»ንም ከነአክብሮቱ ዋጥኩት። ያልተዋጠልኝ ሰዓቱ ነው። ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነበር፤ አውቶቡሱ ደግሞ እንኳን ለስልክ ለራሱ መብራትም የሚበቃ ኤሌክትሪክ ያለው አይመስልም። «አሁን የት ሰክተሽ?» ብላት፣ «ለማታ ነው፤ ሌላ ሰው ሳይጠይቅዎት ቀድሜ ልያዝ ብዬ ነው» አለችኝ። ቻርጀሬን እንደ ሆቴል አልጋ አስቀድማ ያዘችው። የራሷንስ ለምን አላመጣችም? «እኔ ስጓዝ ቀለል ብዬ ነው የምጓዘው።»

ይህችን «ቀለል ብዬ» የምትባል ነገር በሦስት ቀን ውስጥ ከስንት አፍ ሰማኋት! ቦርሳቸውን አይቼዋለሁ፤ ቀላል አይደለም። ለፎቶ የሚሆን አምስት ቅያሪ ልብስ አለ፤ ነጭ ጫማ አለ፤ ጸጉር መተኮሻ አለ፤ ጎረቤት አውቶቡስ የሚያስጨፍር ስፒከር አለ። የሌለው ሳሙና ነው። የሌለው ሶፍት፣ የጥርስ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ የራስ ምታት ኪኒን፣ ለመንገድ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ነው። ቦርሳው የሚታየውን ሁሉ ይዞ የሚያስፈልገውን ለእኔ ትቶልኛል። አንዱ ጫሞ ሐይቅ ላይ ለጀልባ ገንዘብ ጎደለኝ ብሎ ከእኔ ወሰደና «ኔትወርክ ሲመለስ እልክልዎታለሁ» አለኝ። ይህን በምጽፍበት ሰዓት ኔትወርኩ አልተመለሰም። (በነገራችን ላይ ጫሞ ዳር «የአዞ ገበያ» የሚባል ቦታ አለ። አዞዎች ተሰብስበው ፀሐይ የሚሞቁበት ነው እንጂ የሚሸጥ የሚገዛ የለም። አንዷ ልጅ «ዋጋው እንዴት ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። ለእሷም ለመክፈል ተዘጋጅቼ ነበር።)

ስንቅ የሚባል ነገር የነበረን ሕዝቦች ነን እኮ! በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፤ እነዚህ ሁሉ ለመንገደኛ የተፈጠሩ ናቸው፤ አይበላሹም፣ አይከብዱም፣ እሳት አይፈልጉም። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ የተዋጋው ዘማች ከጋሻና ከጦሩ ጋር ስንቁን ይዞ ነው የወጣው፤ ያውም በእግሩ፣ ተራራ ለተራራ። ዓለም ገና ሲደርስ «ጋሼ፣ በሶ ይዘዋል?» ያለ መኖሩን አልሰማሁም።

ይህን ለጉዞው አስተባባሪ ብነግረው ሳቀና «ምን አለበት? ተሳስበን ብንጓዝ ጥሩ አይደል?» አለኝ። እዚህ ላይ በእውነት ተናደድኩ። መተሳሰብን ማን ጠላ? ግን ማኅበር ሲደርስ ጠላውን የሚጠምቀው በየተራ ነው፤ እድርተኛም በየወሩ ያዋጣል። በአንድ መሶብ መቁረስም ቢሆን እንጀራውን አንድ ሰው ጋግሮት ነው። ሁልጊዜ አንደኛው ወገን እየያዘ ሌላው እየወሰደ ሲሄድ የዚያ ስሙ መተሳሰብ አይደለም፤ እኔ ስሙን አውቀዋለሁ፤ ለጋዜጣ የማይሆን ስለሆነ ተውኩት።

እንግዲህ «2ኛ፦ ጋቢ» ብዬ ጻፍኩላት።

ወጣቶች አርባ ምንጭ ሲባሉ ሙቀት ብቻ ነው የሚታያቸው። እውነት ነው፤ ከተማዋ 1,285 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትሞቃለች። ግን የጉዞው ሁለተኛ ቀን ዶርዜ ነው፤ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ወደ 2,700 ሜትር ይወጣል። ታች በላብ የራሰች ስስ ካናቴራ፣ ላይ ስትደርስ በረዶ ናት። እናም ላይ ስንደርስ፣ ቀርቀሃው በጭጋግ ተውጦ፣ አንድ ልጅ ጥርሱን እያንገጫገጨ ወደ እኔ መጣ። ጋቢዬን ፈለገ። ያለነው እኮ ዶርዜ ነው! ዝናው በሽመና የሆነ፣ የሽሮ ሜዳን ሸማኔዎች ያፈራ አገር! ከአጠገባችን አንድ ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ጋቢ እየሠራ ነው፤ የተጠናቀቁትም ገመድ ላይ ተሰቅለው ገዢ ይጠብቃሉ። ሸማኔ አገር መጥቶ ከአዲስ አበባ ሰው ጋቢ የሚዋስ ፍጡር በዓይኔ አየሁ።

ሰጠሁት። እንዴት እንደሰጠሁት ግን እኔ ነኝ የማውቀው፤ በጋቢ በኩል የቆየ ቁስል አለብኝና።

ከዓመታት በፊት ወደ ባሌ ተጉዘን ነበር። የሰነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍተኛው ጫፉ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል፤ በጋ ነው ብሎ በቁምጣ የሚኬድበት አይደለም። አንዱ ጓደኛዬ በቁምጣ መጣ። ቀይ ቀበሮ እናያለን ብለን ስናፈጥ እሱ ከብርዱ ብዛት ራሱ ቀይ ሆነ። አዝኜ ጋቢዬን አለበስኩት። ጋቢው አልተመለሰም። አለመመለሱ አይደለም ነገሩ፤ በእኔ ጋቢ ተጀቡኖ፣ ከኋላው ጭጋግ፣ ዓይኑን ወደ ሩቅ ልኮ የተነሳውን ፎቶ ሁለት ዓመት ሙሉ የገጹ መለያ አደረገው። ከሥሩ «እንዴት ያምርብሃል!» ያላለ ሰው የለም። ጋቢው የማን እንደሆነ የጠየቀ ግን አንድም ሰው የለም። (ጋቢው በእርግጥ የአክስቴ ነበር። ሳልነግራት ነው የወሰድኩት። ያ ሌላ ጉዳይ ነው።)

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ግን የሠርግ ቤቱን ጌጥ ተውሳ የሄደችውን ሴት፣ ሲመሽ የሚመልሰውን እጅ፣ ባለቤቷ ከዳር ሆና «እንዳትጥይብኝ» እያለች በዓይኗ ስትከተላት፣ ሁሉንም ያሳየኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ አምኜበት ነበር። ያን ፎቶ ካየሁ ወዲህ ግን ተጠራጥሬአለሁ። የሰው ወርቅ ባያደምቅም የሰው ጋቢ በደንብ አድርጎ ያደምቃል።

ዶርዜ ላይ አስጎብኚው ስለ ቤቶቹ ሲያብራራልን ልቤን የነካኝ ነገር ነበር። ቤቱ ከቀርቀሃ ተጠልፎ በእንሰት ቅጠል ይከደናል፤ ፊት ለፊቱ የዝሆን ራስ ይመስላል። ሲሠራ ረጅም ነው። ዓመታት ሲያልፉ ምስጥ ከሥሩ እየበላው ያጥራል። ቦታው ካልተመቸ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ዙሪያውን አጣና አስሮ፣ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ይህ ሲነገር ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ቤቱን ተሸክሞ የሚሄድ ሕዝብ ፊት የቆምነው፣ የጥርስ ብሩሽ ከብዶን ነው።

«3ኛ፦» ብዬ ልቀጥል ስል ደግሞ መስኮቱ ትዝ አለኝ። ከወላይታ ሶዶ አልፈን ወደ አባያ ሐይቅ ስንወርድ ሙቀቱ ሲጨምር፣ አውቶቡሱ ውስጥ ሃያ ስምንት ሰው፣ አንድ ዘለላ ሙዝ፣ አንድ ያጋመስነው ማንጎ እና የአንዱ ጫማ አብረውን እየተቀቀሉ፣ መስኮት በስሱ ከፈትኩ። ስምንት ሰው በአንድ ድምፅ «ነፋስ!» አለ። ምች እንዳይመታቸው ነው። በአገራችን አውቶቡስ ውስጥ ሰው በመታፈን እንደማይሞትና በነፋስ እንደሚሞት ሁሉም ያውቃል፤ ሐኪም ቢመጣ አያስረዳቸውም። የገረመኝ ምች መፍራታቸው አይደለም። ምችን ይህን ያህል የሚፈራ ሰው እንዴት አንዲት ቅጠል ዳማከሴ ሳይዝ ይወጣል? ዳማከሴስ ማን ይዞ ነበር? እኔ። ማን ወሰደው? ተውት።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት መጥታ ወረቀቱን ወሰደች። «ሁለት ነገር ብቻ ነው እንዴ?» አለች። ሌላው በቃል ነው ብዬ መታወቂያ ለኬላ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ሶፍት፣ ሳሙና እያልኩ ልደረድርላት ስል ዝርዝሩን ፎቶ አንስታ ለጉዞ ጓደኞቿ ልካው ነበር። ቡናው ሁለተኛ ሳይቀዳ ስልኳ አምስት ጊዜ ጮኸ። አነበበችና ፈገግ አለች።

«ቻርጀሩ ተይዟል» አለችኝ፤ «ለጋቢው ደግሞ ሦስት ሰው ወረፋ ላይ ነው።»